የተበታተነው ቁጥር በአንድ ክፍል ሲሰበሰብ



ስለ ንጹሕ ውሃ በጻፍንላችሁ ጊዜ ሁሉ ነገሩን ለማስረዳት ብዙ አልደከምንም። ውሃው ከመሬት ፈልቆ ሲወጣ፣ እናቶች ጀሪካናቸውን ሲሞሉ፣ ልጆች በቦኖው ዙሪያ ሲጯጯሁ የሚያሳይ አንድ ፎቶግራፍ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ዛሬ የምንጽፍላችሁ ግን ማንም ፎቶግራፍ ሊያነሣው ስለማይወደው ውሃ ነው፤ ይኸውም ታጥበንበት፣ አብስለንበት፣ ተጸዳድተንበት ከቤታችን ስለምናስወጣው ውሃ ነው። እኛ ከደጃችን ካለፈ በኋላ እንረሳዋለን። ከእኛ በታች በወንዝ ዳር ለሚኖረው ሰው ግን ጣጣው የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

የከተማ ውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቶች ለለጋሾች በሚያቀርቡት የዕቅድ ሰነድ ውስጥ፣ ከቧንቧውና ከፓምፑ ዋጋ ቀጥሎ፣ «የክትትልና የመረጃ ማእከል ሶፍትዌር» የሚል መስመር አሁን አሁን እየተዘወተረ መጥቷል። ይህን ያነበበ ሰው ቢጠራጠር አንፈርድበትም። ለተቸገረ ሰው የተዋጣ ገንዘብ ለኮምፒዩተር ስክሪን መዋሉ ተገቢ ነውን? እኛም ራሳችን ይህን ጥያቄ አንሥተነዋል። መልሱ በአንድ ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ ነገሩን ከሥሩ እናስረዳችሁ፤ ፍርዱን ግን ለእናንተው እንተዋለን።

የቆሻሻ ውሃ በአብዛኛው የሚሄደው በቁልቁለት ነው። ቧንቧው ከመሬት በታች እያዘቀዘቀ ይሄድና ዝቅተኛ ቦታ ሲደርስ፣ ከዚያ በላይ ለመቅበር ቁፋሮው እጅግ ስለሚጠልቅ፣ ውሃው በአንድ የመሰብሰቢያ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያ ፓምፕ ወደ ከፍታ ይገፋዋል፤ ውሃውም እንደገና በቁልቁለት ጉዞውን ይቀጥላል። በዚህ ሁኔታ እየወጣና እየወረደ በመጨረሻ ማጣሪያው ጣቢያ ይደርሳል። እንግዲህ ከነዚህ የፓምፕ ጣቢያዎች አንዱ በሌሊት ቢቆም ምን ይሆናል? በሰከንድ 40 ሊትር ውሃ የሚገባበትና 60 ሜትር ኩብ ትርፍ ቦታ ያለው ጉድጓድ ነው እንበል። በደቂቃ 2.4 ሜትር ኩብ ይገባል ማለት ነውና በ25 ደቂቃ ውስጥ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ውሃው መውጫ ይፈልጋል። ወይ ወደ ኋላ ተመልሶ በዝቅተኛ ቦታ በሚገኙ ቤቶች መጸዳጃ ውስጥ ብቅ ይላል፤ ወይ የማንሆሉን ክዳን አንሥቶ በመንገድ ይፈስሳል፤ ወይም ለጭንቅ ጊዜ በተሠራው ማስተንፈሻ በኩል ወደ ወንዙ ይገባል። ዝቅተኛ ቦታ ላይ የሚኖረው ደግሞ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገንም። የቦታው ርካሽነት ራሱ ይነግራችኋል።

ሃያ አምስት ደቂቃውን በአእምሯችሁ ያዙልን። ተረኛው ሠራተኛ በብስክሌት ወይም በመኪና ጣቢያዎቹን የሚዞረው በፈረቃው አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ነው። እንደ ደረሰ የሞተሩን ሰዓት ቆጣሪ ያነብባል፤ የውሃውን ከፍታ ያያል፤ በደብተሩ ላይ ይጽፍና ፈርሞ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። እሱ ከሄደ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ፓምፑ በጨርቅ ቢታነቅ (የፓምፕ ዋና ጠላት ጨርቅና ፀጉር መሆኑን የሙያው ሰዎች ሁሉ ይነግሯችኋል) እስከሚመለስ ድረስ የሚያውቅ የለም። መጀመሪያ የሚያውቀው ውሃው ቤቱ የገባበት ሰው ነው።

ደብተሩን ግን እያቃለልን አይደለም። በሥራው ብዙ ዓመት የቆየ ሠራተኛ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ኩሺኔታው ሊያልቅ መቃረቡን ይናገራል። በሽታውን ያውቃል፤ የትኛው ጣቢያ በክረምት እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ሰፈር በበዓል ማግስት ቅባት እንደሚልክ ያውቃል። ችግሩ ይህ እውቀት በእሱ ራስና በእሱ ደብተር ውስጥ ብቻ መቅረቱ ነው። የሰሜኑ ጣቢያ ደብተር በሰሜን፣ የደቡቡ በደቡብ፣ የላቦራቶሪው ውጤት በላቦራቶሪው፣ የመብራት ሂሳቡ በገንዘብ ክፍል ይቀመጣል። በወሩ መጨረሻ አንድ ጸሐፊ ሁሉንም ሰብስቦ በኤክሴል ይገለብጠዋል። በዚያን ጊዜ ታሪክ ሆኗል፤ ለሪፖርት ይጠቅማል እንጂ የሞላውን ጉድጓድ አያጎድልም።

ይህ ነገር በማጣሪያው ጣቢያ ውስጥ ይብሳል። ውሃው ምን ያህል መቆሸሹን ለማወቅ ከጥንት ጀምሮ የሚሠራበት ዋናው ምርመራ፣ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ሲበሉ ከውሃው ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚወስዱ የሚለካው ነው። ናሙናው በ20 ዲግሪ ሙቀት ለ5 ቀን ይቀመጣል። ልብ በሉ፤ ሰኞ የተቀዳው ውሃ ውጤቱ የሚታወቀው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ዕለት «አልተጣራም ነበር» ቢባል፣ ውሃው በወንዙ ከወረደና ምናልባትም አንዲት ሴት ሰላጣዋን ካጠጣችበት ሰንብቷል። ስለዚህ ምርመራው ለፍርድ ይጠቅማል እንጂ ለመሪነት አይበቃም። በዚያው ሰዓት የሚነበብ ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ አለ። ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች አየር በሚነፋበት ገንዳ ውስጥ ይኖራሉ፤ በብዙ ጣቢያዎች በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 2 ሚሊግራም ያህል የሟሟ ኦክስጅን እንዲኖራቸው ይደረጋል። ቢያንስ ይታፈናሉ፤ ቢበዛ ደግሞ መብራቱ በከንቱ ይቃጠላል። አየር መንፋቱ ብቻውን በእንዲህ ያለ ጣቢያ ከሚፈጀው የኤሌክትሪክ ኃይል ግማሹን ያህል ይወስዳል። በገንዳው ውስጥ የሚሰቀለው ኦክስጅን መለኪያ በየደቂቃው ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩን የሚያይ ሰው ወይም መሣሪያ ካለ ነፊው ሞተር እንደ አስፈላጊነቱ ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። የሚያየው ከሌለ ግን መለኪያው በገንዳው ላይ የተሰቀለ ጌጥ ነው።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ እንምጣ። በሙያው ሰዎች ዘንድ ስካዳ ተብሎ የሚጠራው ይህ ሥርዓት ለቆሻሻ ውሃ የተፈጠረ አይደለም። ለኤሌክትሪክ መስመርና ለነዳጅ ቧንቧ፣ ማለትም ዕቃቸው በሰፊ አገር ለተበተነ ሥራዎች የተሠራ ነው። ፋብሪካዎችም ወሰዱት፤ የውሃና የፍሳሽ መሥሪያ ቤቶችም ተከተሉ። አሠራሩን በቀላሉ እንዲህ ልንገልጸው እንችላለን። በእያንዳንዱ የፓምፕ ጣቢያ የውሃውን ከፍታ፣ የሞተሩን መዞር አለመዞር፣ መብራት መኖር አለመኖሩን የሚያነብብ መለኪያ ይተከላል። መለኪያዎቹ ከአንዲት ሣጥን ጋር ይያያዛሉ። ይህች ሣጥን ትንሽ ኮምፒዩተር ናት፤ ውሃው ከተወሰነለት ከፍታ ሲደርስ ፓምፑን ራሷ ታስነሣለች፤ ሲጎድልም ታጠፋለች። ያየችውን ሁሉ ደግሞ በሬዲዮ ወይም በሞባይል ኔትዎርክ ወደ ማእከሉ ትልካለች። በማእከሉ ያለው ኮምፒዩተር ከየጣቢያው የመጣውን ይቀበላል፤ በከተማው ካርታ ላይ ያሳያል፤ የማያስተማምን ነገር ሲያይ ይጮኻል፤ ከዚያም እያንዳንዱን ቁጥር ከተነበበበት ሰዓት ጋር በማኅደር ያስቀምጣል።

ከዚህ ሁሉ አስደናቂው ብዙዎች እንደሚያስቡት ጩኸቱ አይደለም። እኛ የምናደንቀው ማኅደሩን ነው። ጉድጓዱ ባለፈው ክረምት በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ምን ያህል ነበር? ፓምፑ ከስድስት ወር በፊት ጉድጓዱን ለማጉደል 10 ደቂቃ ይፈጅበት እንደ ነበርና አሁን 17 ደቂቃ እንደሚፈጅበት ማን ያስታውሳል? ማኅደሩ ያስታውሳል። እንዲህ ያለው ፓምፕ ሊሰበር መንገድ የጀመረ ነው። ከመሰበሩ በፊት በቀን አውጥቶ ማደስና በሌሊት ከተሰበረ በኋላ መሯሯጥ፣ ዋጋቸውም መዘዛቸውም እኩል አይደለም።

ይህ ነገር በወረቀት ላይ ያማረ ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ከተማ እናሳያችሁ። በአሜሪካ በኢንዲያና ክፍለ ግዛት ሳውዝ ቤንድ የምትባል፣ መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት ከተማ በሴንት ጆሴፍ ወንዝ ዳር ትገኛለች። እንደ ብዙዎቹ የአገሪቱ የቆዩ ከተሞች የዝናቡና የመጸዳጃው ውሃ በአንድ ቧንቧ ነበር የሚሄደው። ዝናብ ሲበዛ ቧንቧው ይሞላና ሁለቱ ተደባልቀው ወደ ወንዙ ይገነፍላሉ። ይህ ብቻ ቢሆን በዝናቡ ይሳበብ ነበር። ነገር ግን ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀንም ይገነፍል ነበር፤ ምክንያቱም በመሬት ውስጥ ቅባት ወይም የዛፍ ሥር ወይም ፍርስራሽ ቧንቧውን ሲዘጋው የሚያይ ዓይን አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2008 ከተማዋ በአካባቢው ካለው ከኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ከወጣ ቴክኖሎጂ ጋር ከመቶ በላይ መለኪያዎችን በየማንሆሉ መትከል ጀመረች። መለኪያዎቹ በየ5 ደቂቃው የውሃውን ሁኔታ በሬዲዮ ይልካሉ፤ ቁጥሩ ሁሉ በአንድ ቦታ ይታያል። ዝናብ በሌለበት ቀን አንድ ቦታ ላይ ውሃው ቀስ እያለ ከፍ ካለ ቧንቧው እየተዘጋ ነው ማለት ነውና፣ ከመገንፈሉ በፊት የጽዳት ቡድን ይላካል። ከዚያ በፊት በአንድ ዓመት 27 ጊዜ ይደርስ የነበረው የደረቅ ቀን ግንፈላ ወደ 1 ወረደ። ቧንቧው ያው የዱሮው ቧንቧ ነው፤ የተጨመረው ማየት ብቻ ነው። ቆይቶም ባዶ የሆነው ቧንቧ የሞላውን እንዲያግዝ የሚከፈቱና የሚዘጉ በሮች ተጨመሩለትና በዝናብ ጊዜ የሚገነፍለውም ውሃ በብዙ ቀነሰ።

የገንዘቡም ነገር ሊነገር ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከተማዋ ከፌዴራል መንግሥቱ ጋር በተስማማችበት ጊዜ ግንፈላውን ለማስቆም የሚያስፈልገው ግንባታ ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገምቶ ነበር። ለዓመታት የተጠራቀመው ቁጥር ግን ውሃው በእውነት የት እንደሚበዛና የት እንደማይበዛ ስላሳየ፣ በ2021 ስምምነቱ ተሻሽሎ ዋጋው ከ300 ሚሊዮን ዶላር በታች እንዲሆን ተደረገ። ቁጥር የሌለው መሐንዲስ በፍርሃት ትልቅ አድርጎ ይሠራል፤ አይፈረድበትም። ፍርሃቱን የሚከፍለው ግን በየወሩ የውሃ ሂሳብ የሚመጣለት ሰው ነው።

እስካሁን የተናገርነው መልካሙን ነው። አሁን ደግሞ አቅራቢዎቹ በሚያድሉት በራሪ ወረቀት ላይ የማይገኘውን እንንገራችሁ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ምክንያትም ይኸው ነው።

መጀመሪያ፣ ቁጥርን በአንድ ቦታ መሰብሰብ ሽቦ የማገናኘት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንዱ ጣቢያ በአንድ አገር ርዳታ፣ ሌላው በሌላ ብድር፣ ሦስተኛው በራስ ገንዘብ ተሠርቶ ከሆነ መሣሪያዎቹ ቋንቋቸው የተለያየ ነው። አንዱ የውሃውን ፍሰት በሰከንድ በሊትር ይናገራል፤ ሌላው በሰዓት በሜትር ኩብ። ቀደም ብለን ያነሣነው 40 ሊትር በሰከንድ በሌላው አነጋገር 144 ሜትር ኩብ በሰዓት ነው። ውሃው አንድ ነው፤ ቁጥሩ ግን ሁለት ነው። ማንም ሳያስተካክል ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ቢደምራቸው 184 የሚባል ምንም ትርጉም የሌለው ቁጥር ይወጣል፤ ስክሪኑም በሚያምር ቀለም ያሳየዋል! ስሙም እንዲሁ ነው። ሠራተኛው «የታችኛው ፓምፕ» የሚለውን መሐንዲሱ «ፓምፕ 2»፣ አቅራቢው ደግሞ በረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ይጠራዋል። ሰዓቱም ሳይቀር ሊለያይ ይችላል። የአንዱ ጣቢያ ሰዓት አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ከቀረ፣ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ፓምፑ ቆመ ወይስ ፓምፑ ከቆመ በኋላ መብራቱ ጠፋ የሚለውን ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚፈጀው ስክሪኑን መሥራት አይደለም፤ ሁሉም ተቀምጦ በአንድ ስምና በአንድ መለኪያ መስማማቱ ነው። አሰልቺ ነው፤ ለጎብኚም አይታይም።

ሁለተኛ፣ መለኪያ ይዋሻል። የቆሻሻ ውሃ ቅባትና አተላ አለው። በገንዳው ውስጥ የተነከረው የኦክስጅን መለኪያ ፊቱ በዝቃጭ ሲሸፈን ማየት ያቆማል፤ ቁጥር መስጠቱን ግን አያቆምም። ሥርዓቱም ኦክስጅን አንሷል ብሎ አየር ይነፋል፤ ይነፋል፤ መብራት ይበላል። መድኃኒቱ በጥቂት ቀናት ልዩነት መለኪያውን አውጥቶ በንጹሕ ውሃና በጨርቅ የሚጠርግ ሰው ነው። ባልዲና ጨርቅ። እጅግ የረቀቀው ሶፍትዌር በዚህ ላይ ነው የቆመው።

እ.ኤ.አ. የካቲት 9 ቀን 2017 በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ዌስት ፖይንት በተባለው ትልቅ የማጣሪያ ጣቢያ የሆነው ይህን በግልጽ ያሳያል። ያ ሌሊት ከባድ ዝናብ ነበረ። በኤሌክትሪክ ብልሽት የተነሣ የተጣራውን ውሃ ወደ ባሕር የሚገፉት ፓምፖች ቆሙ። በዚህን ጊዜ በገንዳዎቹ ውስጥ ያሉት ተንሳፋፊ ማብሪያዎች ውሃው መሙላቱን ተናግረው ወደ ውስጥ የሚገባውን ማስቆም ነበረባቸው። ማብሪያዎቹ ግን ተጣብቀው ነበርና አልሠሩም። ውሃው በምድር ቤት ያሉትን ሞተሮችና የኤሌክትሪክ ዕቃዎች አጥለቀለቀ። በመቆጣጠሪያው ክፍል የነበሩት ተረኞች ኮምፒዩተር አልጎደላቸውም፤ ማስጠንቀቂያውም አልጎደላቸውም። እንዲያውም ከመብዛቱ የተነሣ ዋናውን ከተራው ለመለየት አስቸገራቸው። ከ200 ሚሊዮን ጋሎን በላይ የዝናብና የመጸዳጃ ድብልቅ ሳይጣራ ወደ ባሕሩ ገባ፤ ጣቢያውም ወደ ቀድሞ ሥራው እስኪመለስ ወራት ፈጀ። ይህ የሆነው በሀብታም ከተማ ነው። ሁሉም ነገር የሚጮኽበት ክፍል ምንም ከማይጮኽበት ክፍል ብዙም አይሻልም።

ሦስተኛውን ነገር ለመጻፍ አመንትተን ነበር፤ ነገር ግን ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ሊያውቀው ይገባል። ሁሉን በአንድ ቦታ መሰብሰብ፣ ሁሉን በአንድ ቦታ ለክፉ ሰው ማቅረብም ሊሆን ይችላል። በአውስትራሊያ በኩዊንስላንድ ማሩቺ በተባለው አውራጃ 142 የፍሳሽ ፓምፕ ጣቢያዎች በሬዲዮ ከማእከል ጋር ተገናኝተው ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ ላይ ፓምፖቹ ያለ ምክንያት ይቆሙ፣ ማስጠንቀቂያውም ወደ ማእከሉ አልደርስ ይል ጀመር። ባለሙያዎቹ በመጀመሪያ የአዲሱ መሣሪያ ብልሽት መሰላቸው። ኋላ ግን በተከላው ሥራ ላይ ተቀጥሮ የነበረና በአውራጃው መሥሪያ ቤት ሥራ ጠይቆ የተከለከለ አንድ ሰው በመኪናው ውስጥ ባስቀመጠው ኮምፒዩተርና ሬዲዮ ትእዛዝ ይልክ እንደ ነበር ታወቀ። ወደ 800 ሺህ ሊትር ያልተጣራ ፍሳሽ በመናፈሻና በወንዝ ፈሰሰ፤ በውሃው ውስጥ የነበረ ፍጥረት ሞተ። ሰውየው በ2001 ሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ልብ ልንለው የሚገባን ሰውየው ከውጭ ሰብሮ የገባ ሌባ አለመሆኑን ነው። አሠራሩን የተማረው በሥራው ላይ ነበር፤ ሥራውን ሲለቅ ግን በሩን ከኋላው የዘጋ ሰው አልነበረም።

ወደ አገራችንም መለስ እንበል። የአዲስ አበባ ወንዞች ትንሹና ትልቁ አቃቂ የከተማውን ቆሻሻ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ፤ ከዚያም ከአዋሽ ጋር ይገናኛሉ። በወንዞቹ ዳር ጎመንና ሰላጣ በዚያው ውሃ እያጠጡ የሚተዳደሩ ገበሬዎች እንዳሉ ከከተማው ሰው የማያውቅ ጥቂት ነው፤ ጎመኑንም በገበያ ገዝተን የምንበላው እኛው ነን። በቃሊቲ የሚገኘው የማጣሪያ ጣቢያ በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲሠራ በኩሬዎች የሚያጣራና በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ያህል የሚችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የተመረቀው አዲሱ ጣቢያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የታነጸ ነው። ታላቅ ሥራ ነው። ሆኖም የከተማው አብዛኛው ቤት ገና ከፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘም፤ ጉድጓዱ ሲሞላ መጣጭ መኪና እየተጠራ ነው የሚኖረው።

በዚህ ምክንያት በአገራችን «የተሰበሰበ ቁጥር» ሲባል የቧንቧውና የፓምፑ ቁጥር ብቻ እንዳይመስለን። መጣጭ መኪናው ከየትኛው ቀበሌ ስንት ጊዜ ቀዳ? የቀዳውንስ በእርግጥ ማጣሪያው ጣቢያ አራገፈ ወይስ በመንገድ ወዳለ ወንዝ ለቀቀው? መኪናው በሩ ላይ ሲደርስ የሚመዘግብ አንድ ተቆጣጣሪና ከማእከሉ ጋር የተገናኘ አንድ ቀላል ስልክ፣ ውድ ከሆነው ስክሪን ባልተናነሰ ይህን ሊመልስ ይችላል። የመብራት መቆራረጥም አለ። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ብቻ ሳይሆን መልእክት ላኪዋ ሣጥንም ትጠፋለች፤ ይኸውም ይበልጥ በሚያስፈልግበት ሰዓት ማለት ነው። ባትሪ ካልተሠራላት፣ ባትሪውም በዓመት በዓመቱ እየታየ ካልተለወጠላት፣ ማእከሉ የሚያየው ጭር ያለ ካርታ ነው። ጭር ያለው ሁሉ ሰላም እንዳልሆነ በቤታችን ልጆች ያሳደግን ሁላችን እናውቃለን።

እንግዲህ ከመሥሪያ ቤቶች የሚመጣ እንዲህ ያለ ዕቅድ በእጃችን ሲገባ እኛ የምናየው የሶፍትዌሩን ስም አይደለም። የምንጠይቀው ሌላ ነው። በሌሊት ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ስልኩ የሚጮኸው በማን ኪስ ነው? ያ ሰው ወደ ጣቢያው የሚሄድበት መኪናና ነዳጅ አለውን? መለኪያውን የሚጠርገው ማን ነው፣ ደመወዙስ ከየት ይመጣል? ተከላውን የሠራው ድርጅት ሲሄድ የይለፍ ቃሉን ለማን አስረክቦ ይሄዳል፤ የሱስ ይሰረዛልን? የሶፍትዌሩ የየዓመቱ ፈቃድ ክፍያ ርዳታው ካለቀ በኋላ ከማን በጀት ይወጣል? ደብተር ይዞ ለሃያ ዓመት የዞረው ሠራተኛ ስክሪኑ ሲዘጋጅ ተጠይቋልን? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኛ ግን ከሁሉ አብልጠን እንወደዋለን። የማስጠንቀቂያው ልክ በየትኛው ከፍታ ላይ መሆን እንዳለበት የሚያውቀው እሱ ነውና።

መልሱ አጥጋቢ ሲሆን ዋጋው ከሚፈራው ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ሁሉን ጣቢያ በአንድ ጊዜ ማገናኘት ግድ አይደለም። ቢቆም ብዙ ቤት የሚያጥለቀልቀውን፣ ጉድጓዱም ቶሎ የሚሞላውን አንዱን ጣቢያ መርጦ አንድ የከፍታ መለኪያ፣ አንዲት ሣጥን፣ አንድ ባትሪና አንድ የሞባይል ሲም ካርድ አድርጎ መጀመር ይቻላል። አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ የተጠራቀመውን ቁጥር ከተረኛው ደብተር ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ በሜትር ለክቶ ማን እንደተሳሳተ መለየት ያስፈልጋል፤ ሁለተኛው ጣቢያ የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው።